ከፍጥነት ወሰን በላይ ማሽከርከር በራሱ የግድየለሽነት ወንጀል ሊባል ይገባልን?

አንድ አሽከርካሪ በሕግ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ ሲያሽከረክር ቢገኝ፣ አደጋ ሳያደርስና የሌላን ሰው ደህንነት አደጋ ላይ መጣሉ በተለየ ማስረጃ ሳይረጋገጥ፣ በፍጥነቱ ብቻ በግድየለሽነት በማሽከርከር ወንጀል ጥፋተኛ ሊባል ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ በልዩ ልዩ አገሮች ሕግ አውጪዎችንና ፍርድ ቤቶችን ሲያከራክር ቆይቷል። ጥያቄው በአንድ በኩል በየዓመቱ በመንገድ ላይ ከሚጠፋው የሰው ሕይወት ጋር፣ በሌላ በኩል ደግሞ ማንም ሰው ጥፋቱ ሳይረጋገጥ ወንጀለኛ ሊባል አይገባም ከሚለው መሠረታዊ የሕግ መርህ ጋር የተያያዘ ነው።

ለጥያቄው ግልጽና ጠንካራ ምላሽ ከሰጡት የሕግ ሥርዓቶች መካከል የአሜሪካዋ የቨርጂኒያ ግዛት በግንባር ቀደምትነት ትጠቀሳለች። በግዛቲቱ ሰሜናዊ ክፍል በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ አካባቢዎች በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል ጥቂት የማይባሉት ኑሯቸውን የመሠረቱት በታክሲና በሌሎች የትራንስፖርት ሥራዎች ነው። በመሆኑም የግዛቲቱ ሕግ ይዘትና አፈጻጸም ለእነዚህ ወገኖች ከዕለት እንጀራቸው ጋር የተሳሰረ ጉዳይ ነው።

ይህ ጽሑፍ የፍጥነትን አደገኛነት፣ የቨርጂኒያን ሕግና ያለፈበትን ሂደት፣ በጉዳዩ ላይ የሚነሱትን ተቃራኒ ሐሳቦች፣ የሌሎች አገሮችን ልምድ እንዲሁም የአገራችንን የወንጀል ሕግ አቋም በቅደም ተከተል ያቀርባል።

ፍጥነት እና አደጋ

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች ቁጥር 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ይደርሳል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ሕጻናትና ወጣቶች ሞት ዋነኛው ምክንያትም ይኸው የትራፊክ አደጋ ነው። በአሜሪካ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2022 ከፍጥነት ጋር በተያያዙ አደጋዎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች የሞቱ ሲሆን፣ ይህም በዚያው ዓመት በአገሪቱ በትራፊክ አደጋ ከሞቱት ሰዎች 29 በመቶ ያህሉ መሆኑ ተመዝግቧል።

ድርጅቱ እንደሚገልጸው የተሽከርካሪዎች አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያበቃ አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ያህል ያድጋል። በእግረኛ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፤ የግጭቱ ፍጥነት በሰዓት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል እግረኛው የመሞት ዕድሉ በ4 ነጥብ 5 እጥፍ ይጨምራል።

የዚህ ምክንያት በፊዚክስ ሕግ የሚብራራ ነው። በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ተሽከርካሪ የሚሸከመው ጉልበት የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚጓዘው ርቀትም እንዲሁ አራት እጥፍ ይሆናል።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አንድ አሽከርካሪ በደረቅ አስፋልት ላይ እንቅፋት ተመልክቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት፣ በዚህች አንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዚያም ሙሉ በሙሉ ለመቆም ተጨማሪ 20 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። በድምሩ 37 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

በዚያው መንገድ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሌላ አሽከርካሪ ግን በምላሽ ሰከንዱ ብቻ 25 ሜትር የሚጓዝ ሲሆን፣ ለመቆም በጠቅላላው 70 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው መኪና በቆመበት ስፍራ ላይ ሲደርስ ይህ ሁለተኛው መኪና ገና በሰዓት ከ77 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት እየተጓዘ ነው። በቦታው አንድ ሕጻን ልጅ ቢኖር የመጀመሪያው አሽከርካሪ ደንግጦ ሲያልፍ፣ ሁለተኛው ግን ሕይወት ያጠፋል። ሁለቱ አሽከርካሪዎች በንቃትም ሆነ በችሎታ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ውጤቱን የለየው ፍጥነቱ ነው።

የቨርጂኒያ ሕግ ድንጋጌዎች

በቨርጂኒያ የተሽከርካሪዎች ሕግ መሠረት በግድየለሽነት ማሽከርከር በበርካታ አንቀጾች የተደነገገ ወንጀል ነው። ጠቅላላው ድንጋጌ የማንኛውንም ሰው ሕይወት፣ አካል ወይም ንብረት አደጋ ላይ በሚጥል ፍጥነት ወይም ሁኔታ ያሽከረከረ ሰው ጥፋተኛ መሆኑን ያመለክታል። በዚህ ድንጋጌ ሥር ዐቃቤ ሕግ አደጋ ላይ የመጣሉን ሁኔታ ማስረዳት ይጠበቅበታል። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1970 በሰጠው ውሳኔ አደጋ መድረሱ ብቻውን አሽከርካሪው ግድየለሽ ነበር ለማለት እንደማያበቃ፣ ግድየለሽነት አሽከርካሪው ድርጊቱ ለሚያስከትለው ውጤትና ለሌሎች ደህንነት ደንታ ቢስ መሆኑን የሚያሳይ እንደሆነ አመልክቷል።

ፍጥነትን የሚመለከተው አንቀጽ ግን ከዚህ ይለያል። በዚህ አንቀጽ መሠረት በመንገዱ ላይ ከተወሰነው ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ያህል አሳልፎ ያሽከረከረ፣ ወይም የመንገዱ የፍጥነት ወሰን ምንም ይሁን ምን በሰዓት ከ85 ማይል፣ ማለትም ከ137 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ያሽከረከረ ማንኛውም ሰው በግድየለሽነት የማሽከርከር ወንጀል ፈጽሟል። በመንገዱ ላይ ሌላ ተሽከርካሪ መኖር አለመኖሩ፣ አየሩ ብሩህ ወይም ጭጋጋማ መሆኑ ለጥፋተኝነቱ መሠረት አይሆንም። ቁጥሩ ከተረጋገጠ ወንጀሉ ተረጋግጧል።

ድርጊቱ አንደኛ ደረጃ ቀላል ወንጀል ተብሎ የተመደበ ሲሆን፣ እስከ 12 ወር የሚደርስ እስራትና እስከ 2 ሺህ 500 ዶላር የሚደርስ የገንዘብ መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። ፍርድ ቤቱ መንጃ ፈቃድን እስከ ስድስት ወር ለሚደርስ ጊዜ የማገድ ሥልጣንም አለው። በአሽከርካሪው መዝገብ ላይ ስድስት የጥፋት ነጥብ የሚያዝበት ሲሆን፣ ውሳኔው በዚሁ መዝገብ ላይ ለ11 ዓመታት ይቆያል።

ከገንዘቡና ከእስራቱ ይልቅ ብዙዎችን የሚያሳስበው የመጨረሻው ውጤት ነው። ተራ የፍጥነት ጥሰት የደንብ መተላለፍ ሆኖ መቀጮው ተከፍሎ የሚዘጋ ሲሆን፣ በግድየለሽነት ማሽከርከር ግን ተከሳሹ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚዳኝበት የወንጀል ክስ ነው። ጥፋተኛ የተባለ ሰው የወንጀል ሪከርድ ይኖረዋል። ለሥራ ሲያመለክት "በወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ?" ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ "አዎን" ይሆናል። መኪና በማሽከርከር ቤተሰቡን ለሚያስተዳድር ሰው ደግሞ የመንጃ ፈቃድ መታገድና የኢንሹራንስ ዋጋ መናር የገቢ ምንጩን እስከማጣት ሊያደርሰው ይችላል።

ይሁንና ሕጉ ለዳኞች ጥቂት መፈናፈኛ ትቷል። የጥፋቱ መጠን አነስተኛ ሆኖ ሲገኝ ፍርድ ቤቱ ወይም ከውሳኔ በፊት ዐቃቤ ሕጉ ክሱን "አግባብ የሌለው አነዳድ" ወደሚባለው የደንብ መተላለፍ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። የዚህ ጥፋት መቀጮ ከ500 ዶላር የማይበልጥ ሲሆን ወንጀል አይደለም። ተከሳሾች የመኪናቸው የፍጥነት መለኪያ የተዛባ መሆኑን የሚያሳይ የምርመራ ውጤት ለፍርድ ቤት ማቅረብ የሚችሉ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ውሳኔ ቅር የተሰኘ ተከሳሽም በአሥር ቀናት ውስጥ ለከፍተኛው የወረዳ ፍርድ ቤት ይግባኝ በማለት ጉዳዩ እንደ አዲስ እንዲታይለት የመጠየቅ መብት አለው።

ሕጉ ያለፈባቸው ለውጦች

የቨርጂኒያ ልምድ ጥብቅነት የሕዝብ ቅቡልነት ሲያጣ ምን እንደሚገጥመው ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ የግዛቲቱ መንግሥት ለመንገድ ሥራ የሚውል ገቢ ለማግኘት በከባድ የትራፊክ ጥፋቶች ላይ ከመቀጮው በተጨማሪ ልዩ ክፍያ ጣለ። በግድየለሽነት በማሽከርከር ጥፋተኛ የተባለ የግዛቲቱ ነዋሪ በሦስት ዓመታት ውስጥ ተከፍሎ የሚያልቅ 1 ሺህ 50 ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ።

ክፍያው የግዛቲቱን ነዋሪዎች ብቻ የሚመለከትና ከሌላ ግዛት የመጡትን የማይነካ በመሆኑ ከፍተኛ ቁጣ ቀሰቀሰ። ወሰኑን በ20 ማይል ያለፈ ሁሉ ያለ ልዩነት ግድየለሽ ተብሎ ይህን ያህል ገንዘብ መጠየቁም ተቃውሞውን አባባሰው። በውጤቱም ሕግ አውጪው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ክፍያውን ሰረዘ፤ የተከፈለውም እንዲመለስ ተደረገ። የደህንነት ሕግ ገቢ ለመሰብሰብ የወጣ መስሎ ከታየ፣ ትክክለኛ የሆነው ዓላማው ጭምር አመኔታ እንደሚያጣ ይህ አጋጣሚ አስተምሯል።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከራሱ ከቁጥሩ ነው። ቀደም ሲል በሕጉ ውስጥ የተቀመጠው ፍጹማዊ ጣሪያ በሰዓት 80 ማይል ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2010 በአንዳንድ አውራ ጎዳናዎች ላይ የተፈቀደው ፍጥነት ወደ 70 ማይል ከፍ ሲል አንድ እንግዳ ሁኔታ ተፈጠረ። በእነዚህ መንገዶች ላይ በ81 ማይል የሚያሽከረክር ሰው ከወሰኑ ያለፈው በ11 ማይል ብቻ ሆኖ ሳለ ወንጀለኛ ይባል ጀመር። በአንጻሩ ወሰኑ 55 ማይል በሆነ መንገድ ላይ በ74 ማይል የሚያሽከረክር ሰው በ19 ማይል አልፎም ጥፋቱ የደንብ መተላለፍ ብቻ ነበር።

ይህን አለመጣጣም ለማረም የግዛቲቱ ምክር ቤት ባወጣው ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ጣሪያው ወደ 85 ማይል ከፍ ብሏል። በማሻሻያው ዋዜማ በ83 ማይል የተያዘ ሰው በወንጀል ሲጠየቅ፣ በማግስቱ በተመሳሳይ ፍጥነትና መንገድ የተያዘው ግን በደንብ መተላለፍ ብቻ የሚጠየቅ ሆነ። በአንድ ሌሊት የተለወጠው የአሽከርካሪዎቹ አስተሳሰብ ሳይሆን በሕጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። የድንጋጌው ተቺዎች ዋነኛ መከራከሪያ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው።

ለደንቡ የሚቀርቡ ድጋፎች

የቁጥር ወሰኑን የሚደግፉ ወገኖች በቅድሚያ የሚያነሱት የሕግ ግልጽነትን ነው። ማንኛውም አሽከርካሪ የመንገዱን ምልክትና ከፊት ለፊቱ ያለውን የፍጥነት መለኪያ በማየት ብቻ በየትኛው ወገን እንዳለ ማወቅ ይችላል። ፖሊስም ሆነ ዳኛ በተከሳሹ መልክ፣ በአነጋገሩ ወይም በመኪናው ዓይነት ሳይሆን ለሁሉም እኩል በሆነ ልኬት ይሠራሉ።

የዚህ ነጥብ ክብደት በሞንታና ግዛት ታይቷል። የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው አገር አቀፍ የፍጥነት ወሰን እ.ኤ.አ. በ1995 ሲነሳ፣ ሞንታና በቀን ለሚጓዙ መኪናዎች ቁጥር ሳታስቀምጥ "ምክንያታዊና ጥንቃቄ የተሞላበት" ፍጥነት እንዲጠበቅ ወደሚያዘው የቀድሞ ደንቧ ተመለሰች። በሰዓት 85 ማይል ሲያሽከረክር ተይዞ የተቀጣ አንድ ሰው ባቀረበው ይግባኝ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ደንቡ አሽከርካሪው የሚፈቀድለትን አስቀድሞ ለማወቅ እንዳይችል የሚያደርግ አሻሚ ደንብ ነው በማለት ውድቅ አድርጎታል። በቀጣዩ ዓመት ግዛቲቱ 75 ማይልን የቀን የፍጥነት ወሰን አድርጋ ደነገገች።

ሁለተኛው መከራከሪያ ወንጀል ተብሎ መፈረጁ ጉዳት ከመድረሱ በፊት የመከላከል ዓላማ አለው የሚል ነው። በሰካራምነት ማሽከርከር በብዙ አገሮች በደም ውስጥ በተገኘ የአልኮል መጠን ብቻ ወንጀል ሆኖ ሲያስጠይቅ ማንም "አደጋ አላደረስኩም" በሚል መከላከያ ነጻ አይወጣም። ፍጥነትም በተመሳሳይ የሚለካ አደጋ በመሆኑ በተለየ ዓይን የሚታይበት ምክንያት የለም ይላሉ።

በሦስተኛ ደረጃ የተፈቀደውን በ32 ኪሎ ሜትር ማለፍ በስህተት የሚፈጸም ነገር አይደለም የሚለው ይነሳል። የልጆች መኖሪያ በሆነ፣ በሰዓት 25 ማይል በተወሰነ መንገድ ላይ በ45 ማይል የሚከንፍ ሰው ሌሎችን አደጋ ላይ እንደሚጥል ሳያውቅ አይቀርም። ስለሆነም ግድየለሽነቱ ከድርጊቱ ራሱ ይነበባል።

በደንቡ ላይ የሚሰነዘሩ ትችቶች

ተቃራኒውን ሐሳብ የሚያራምዱ ወገኖች በበኩላቸው ግድየለሽነት የአእምሮ ሁኔታ መሆኑን ያስገነዝባሉ። ግድየለሽ ማለት አደጋውን እያወቀ ደንታ ሳይሰጠው የሚቀጥል ሰው ነው። የአእምሮ ሁኔታ የሚመዘነው በጠቅላላው ሁኔታ እንጂ በአንድ ቁጥር አይደለም። አውራ ጎዳናው ባዶ በሆነበት ብሩህ ቀን በ86 ማይል የሚጓዝ ሰው ጥፋተኛ ቢሆን እንኳ፣ በተጨናነቀ መንገድ መስመር እየቀያየረ ሌሎችን እያስጨነቀ ከሚያልፍ ሰው ጋር አንድ ስም ሊሰጠው አይገባም የሚል ነው ክርክራቸው።

ለዚህም በቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው የ130 ቁጥር የክፍያ መንገድ አንድ ክፍል ይጠቀሳል። በዚህ መንገድ ላይ የተፈቀደው ፍጥነት 85 ማይል ነው። በአንዱ ግዛት መንግሥት ራሱ በምልክት ያቆመው ፍጥነት በሌላው ግዛት እስከ 2020 ድረስ የግድየለሽነት ማረጋገጫ ሆኖ መቆየቱ ቁጥር ብቻውን የሰውን አስተሳሰብ እንደማይገልጽ ያሳያል ይላሉ።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ግን ሌላ ነጥብ ነው። ፍጥነትን ከግድየለሽነት ጋር በቁጥር ማሰር ከቁጥሩ በታች ያለው ሁሉ ከአደጋ ነጻ እንደሆነ የተሳሳተ ግንዛቤ ሊያሳድር ይችላል። ጉም በሸፈነው ቁልቁለት ወይም ተማሪዎች ከትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓት በተፈቀደው ፍጥነት የሚያሽከረክር ሰው ከማንም የባሰ ግድየለሽ ሊሆን ይችላል። የቨርጂኒያ ሕግም ይህን ክፍተት በመገንዘብ የተለጠፈው ወሰን ምንም ይሁን ምን ለሁኔታው ከሚገባው በላይ በሆነ ፍጥነት ማሽከርከርን በሌላ አንቀጽ በግድየለሽነት ፈርጆታል።

የሌሎች አገሮችና ግዛቶች ልምድ

የአሜሪካ ግዛቶች በዚህ ረገድ የተለያየ መንገድ ተከትለዋል። በካሊፎርኒያ በግድየለሽነት ማሽከርከር ሆን ብሎ የሌሎችን ደህንነት ችላ ማለትን የሚጠይቅ ሲሆን፣ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ማሽከርከር በሌላ አንቀጽ ለብቻው ከባድ ቅጣት ተደንግጎለታል። በሰሜን ካሮላይና ወሰኑን ከ15 ማይል በላይ አሳልፎ ወይም ከ80 ማይል በላይ ማሽከርከር ወንጀል ነው፤ ይሁን እንጂ ከግድየለሽነት የተለየ፣ የራሱ ስም ያለው ጥፋት ነው። ጆርጂያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ባለ ሁለት መስመር በሆኑ መንገዶች ላይ በ75 ማይል፣ በማንኛውም መንገድ ደግሞ በ85 ማይልና ከዚያ በላይ የሚያሽከረክሩትን ተጨማሪ 200 ዶላር ታስከፍላለች።

በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ከወሰኑ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለፍ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ "ትርኢታዊ አነዳድ" ተብሎ የሚያስቀጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የፍጥነት ወሰናቸው ከ80 ኪሎ ሜትር በታች በሆኑ መንገዶች ላይ መለኪያው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሏል። በዚህ ጥፋት የተያዘ አሽከርካሪ በቦታው መንጃ ፈቃዱ ለ30 ቀናት ይታገዳል፤ ተሽከርካሪውም ለ14 ቀናት ይያዛል።

ብሪታንያ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ "ግድየለሽ" የሚለውን ቃል ትታ "አደገኛ አነዳድ" በሚለው ተክታዋለች። ከዚያ ወዲህ የሚታየው የአሽከርካሪው ውስጣዊ አስተሳሰብ ሳይሆን አነዳዱ ብቃትና ጥንቃቄ ካለው አሽከርካሪ ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የፖሊስ አባል አዲስ መኪና ለመለማመድ በሚል በአንድ አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 159 ማይል፣ ማለትም 256 ኪሎ ሜትር ያህል አሽከርክሮ ተከሰሰ። መጀመሪያ በነጻ ተለቀቀ፤ በድጋሚ ችሎት ጥፋተኛ ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የአሽከርካሪው ልዩ ችሎታ ከግምት ሊገባ እንደሚችል ወሰነ። ከሁለት ዓመት በኋላ የይግባኝ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ ይህንን አቋም በመሻር ልዩ ችሎታ አነዳዱ አደገኛ መሆን አለመሆኑን ለመመዘን እንደማያገለግል አስታውቋል። ቁጥር በሌለበት ሕግ ሥር ይህን ያህል ከፍተኛ ፍጥነት እንኳ ለዓመታት ሊያከራክር እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በጀርመን ደግሞ ሰፊ የአውራ ጎዳና ክፍል ወሰን የሌለው በመሆኑ ቁጥሩ ብቻውን ወንጀል ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የቼክ ባለሀብት በሰዓት 417 ኪሎ ሜትር ማሽከርከሩን የሚያሳይ ፊልም በቀጣዩ ዓመት በኢንተርኔት ተሰራጭቶ ምርመራ ቢከፈትም፣ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ዘግቶታል። ይሁንና አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በወንጀል ሕጓ ላይ ባካተተችው ድንጋጌ ብቻውን እንኳ ቢሆን የሚቻለውን ከፍተኛ ፍጥነት ለማግኘት ሲል ከሁኔታው ጋር በማይጣጣም ፍጥነት፣ የትራፊክ ደንብን በከባዱ በመጣስና በግድየለሽነት የሚያሽከረክርን ሰው በወንጀል ትጠይቃለች። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2022 ድንጋጌው በቂ ግልጽነት ያለው መሆኑን አረጋግጧል።

የኢትዮጵያ ሕግ አቋም

በአገራችን በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ተሟልተው ሲገኙ መሆኑን ይደነግጋል። ቸልተኝነትም ትርጉም የተሰጠው ሲሆን፣ ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ አይደርስም በሚል ግምት የሚፈጽመውን ሰውና ማወቅ ሲገባውና ሲችል ሳያውቅ የቀረውን ሰው ያካትታል።

በቸልተኝነት ሰው መግደልን የሚመለከተው አንቀጽ 543 ቅጣቱን በደረጃ ከፍሎ አስቀምጧል። በመደበኛው ሁኔታ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ የሚያስከትል ሲሆን፣ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ሲፈጸም እስራቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል። ከሁለት ያላነሱ ሰዎች ሲሞቱ፣ አጥፊው ግልጽ ደንቦችን ሆን ብሎ ሲጥስ ወይም በአልኮልና በአደንዛዥ ነገር ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ሲያስገባ ደግሞ ቅጣቱ ከአምስት ዓመት በሚጀምር ጽኑ እስራት ይከብዳል።

እዚህ ላይ የቨርጂኒያው ጥያቄ በሌላ መልኩ ይነሳል። ከፍጥነት ወሰን በላይ ሲያሽከረክር ሰው የገደለ አሽከርካሪ ወሰኑን ማለፉ ብቻ "ደንብን ሆን ብሎ ጥሷል" ለማለት ያበቃልን? ፍጥነቱን ሳያስተውል በጥቂት ኪሎ ሜትር ያለፈና የመንገድ ምልክት እያየ ንቆ የከነፈ ሰው በአንድ ንዑስ አንቀጽ ሥር ሊወድቁ አይገባም። "ሆን ብሎ" የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልተጻፈም። በመሆኑም የመንገዱ ዓይነት፣ ምልክቱ የሚታይ መሆኑ፣ ወሰኑ የታለፈበት መጠንና የአሽከርካሪው ሌሎች ድርጊቶች አንድ በአንድ ሊመዘኑ ይገባል። በሌላ በኩል ይህ ድንጋጌ ሥራ ላይ የሚውለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ሞት ከመድረሱ በፊት አሽከርካሪውን የሚያስቆሙት የትራፊክ ደንቦቹ በመሆናቸው የመከላከሉ ድርሻ በእነርሱ አፈጻጸም ላይ የተመሠረተ ነው።

መፍትሔው ከየት ይገኛል?

ከተለያዩ ልምዶች መረዳት የሚቻለው ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት እንዳለ ነው። ሞንታና ያለ ቁጥር የሚጻፍ ሕግ እንደማይጸና አሳይታለች፤ ቨርጂኒያ ደግሞ ከመንገዱ ወሰን ጋር ያልተገናዘበ ቁጥር ፍትሐዊ ያልሆነ ውጤት እንደሚያስከትል አሳይታለች። ስለሆነም የፍጥነት ቁጥር ለወንጀል ተጠያቂነት መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከመንገዱ ወሰን አንጻር የተቀመጠና ከተራ ስህተት የሚለይ በቂ ርቀት ያለው መሆን ይኖርበታል።

ስያሜውም ቢሆን የራሱ ፋይዳ አለው። ከባድ የፍጥነት ጥሰትን ለመቅጣት የግድ "ግድየለሽነት" ብሎ መሰየም አያስፈልግም። የራሱ ስምና ደረጃውን የጠበቀ ቅጣት ያለው ጥፋት አድርጎ መደንገግ የድርጊቱን አደገኛነት ሳያሳንስ፣ የአእምሮ ሁኔታን የሚጠይቀውን ወንጀል በማስረጃ ለሚረጋገጥበት ጉዳይ ጠብቆ ለማቆየት ያስችላል። ቁጥሩን የግድየለሽነት መነሻ ማስረጃ አድርጎ ተከሳሹ እንዲያስተባብል ዕድል መስጠትም ሌላው አማራጭ ነው።

የቴክኖሎጂው ዕድገትም አዲስ መንገድ እየከፈተ ይገኛል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ መኪናዎች በሙሉ የመንገዱን ወሰን ለይቶ አሽከርካሪውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲገጠምላቸው ግዴታ ሆኗል። በቨርጂኒያም እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደቀ ሕግ ከ100 ማይል በላይ በማሽከርከር ጥፋተኛ የተባሉ ሰዎች መንጃ ፈቃዳቸው ከሚታገድ ይልቅ ፍጥነት የሚገድብ መሣሪያ በመኪናቸው ላይ እንዲገጠም ዳኞች እንዲያዙ የሚፈቅድ ሲሆን፣ ተፈጻሚነቱም እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2026 እንዲጀምር ተወስኗል። ይህ ዓይነቱ እርምጃ ጥፋተኛው ሥራውን ሳያጣ፣ መንገደኛውም ለአደጋ ሳይጋለጥ የሚቆዩበትን ሁኔታ ለማመቻቸት የታለመ ነው።

በመጨረሻም የሕጉ ስያሜ ምንም ይሁን ምን፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር በሚከንፍ መኪና ፊት ለቆመ እግረኛ 37 ሜትር በቂ አይደለም። ሕግ አውጪው ስለ ቁጥሩ፣ ዳኛው ስለ አጥፊው ሐሳብ ይመረምራሉ፤ የፍጥነት መስጫውን የሚረግጠው እግር ግን የአሽከርካሪው ነው። "ከመቅረት መዘግየት ይሻላል" የሚለው የአገራችን የመንገድ ምክርም ከየትኛውም ሕግ አስቀድሞ ሊከበር የሚገባው ነው።